የምዕራብ ሜልበርን ድምፅ ከእንግዲህ በነፃ አይገኝም

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። የምዕራብ ሜልበርን መራጭ ለረጅም ዓመታት የኖረው እንደዚህ ነው። ከፉትስክሬይ እስከ ሰንሻይን፣ ከሴንት አልባንስ እስከ ዌሪቢ ያለው ሰው ሌበር ፓርቲን እንደሚመርጥ ሁሉም ያውቀዋል። ሌበር ቀድሞ ኪሱ የገባውን ድምፅ ለማግኘት አይለፋም። ሊበራልም አላገኘውም ብሎ የተወውን ሰፈር አይረግጥም። በመሀል የሚቸገረው ጠዋት ጠዋት ጣቢያ ላይ ቆሞ ባቡር የሚጠብቀው ነዋሪ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2026፣ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 2019፣ ቅዳሜ ዕለት የአውስትራሊያዋ ግዛት ቪክቶሪያ የራሷን ፓርላማ ትመርጣለች። ቀኑ በሕግ የታሰረ ነው፤ በየአራት ዓመቱ የኖቬምበር የመጨረሻው ቅዳሜ። የግዛቱ መንግሥት መሪ፣ ማለትም ፕሪሚየሩ፣ ሲመቸው ቆርጦ የሚጠራው ምርጫ አይደለም። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ በምዕራቡ በኩል የምኖር ሐበሻ መራጭ ነኝ፤ የምጽፈውም ከዚያው ሆኜ ነው። ዘንድሮ ይህ ሰፈር የማንም የግል ንብረት አይደለም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር። የእኛ ሰው የፌዴራል ምርጫ ሲደርስ ይነቃቃል። የቪዛ ጉዳይ አለ፣ ቤተሰብ የማምጣት ጉዳይ አለ። የግዛቱ ምርጫ ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን የምንሄደው ቅጣት ላለመክፈል ነው። በቪክቶሪያ ድምፅ መስጠት ከ1926 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው መቶ ዶላር ገደማ ይቀጣል። ሄደን እንሰለፋለን፣ በር ላይ የተሰጠንን ወረቀት እናያለን፣ እሱን ገልብጠን እንወጣለን።

ይህ ያሳዝነኛል። ቪዛ፣ ሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ) እና ሜዲኬር (የጤና መድን) የካንቤራ፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ፣ ሌሊት እናታችንን ይዘን የምንሮጥበት ኢመርጀንሲ፣ አምቡላንሱ፣ ፖሊሱ፣ ባቡሩና አውቶቡሱ፣ የመንግሥት ቤቱ፣ የመንጃ ፈቃዱ፣ የታክሲው ሕግ ግን የስፕሪንግ ስትሪት፣ ማለትም የግዛቱ ፓርላማ ሥራ ናቸው። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ከምናማርርባቸው ነገሮች አብዛኞቹ እዚያ ነው የሚወሰኑት። ስለ አዲስ አበባ ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሰው የሰፈሩን የፓርላማ ተወካይ ስም ሲጠየቅ ዝም ሲል አይቻለሁ። አንዱን መከታተል ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ስላለው መንግሥት። ሌበር ከ2014 ጀምሮ ሳይነቀነቅ ገዝቷል። ከ1999 ወዲህ እንኳ ብንቆጥር የሊበራልና የናሽናል ጥምረት የገዛው አንድ ዘመን ብቻ ነው፣ ከ2010 እስከ 2014። በ2022 ምርጫ ሌበር ከ88ቱ የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 56ቱን ወሰደ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። እዚህ መራጩ ለተወዳዳሪዎቹ እንደ ምርጫው ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣል፤ በመላው ግዛት ሌበርን ቁጥር 1 ያደረገው መራጭ 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ድምፁ ጎላ ብሎ የቀነሰውም በሰሜኑና በምዕራቡ፣ ማለትም በእኛው ሰፈሮች ነው። ብዙ መቀመጫ ስለያዘ በጊዜው ያን ልብ ያለው ጥቂት ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 ግን ሁሉም ልብ አለ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቲም ፓላስ ከፖለቲካ ሲወጡ በዌሪቢ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ለአሥርት ዓመታት የሌበር የነበረ መቀመጫ ነው። የሌበር የቁጥር 1 ድምፅ ከ45 በመቶ ወደ 29 በመቶ ገደማ ወረደ። ፓርቲው መቀመጫውን ያዳነው ከአንድ ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው፤ እሱንም ያዳነው ሌሎች ተወዳዳሪዎችን አስቀድመው ሌበርን ከሊበራል በላይ ባስቀመጡ ሰዎች ቁጥር ነው። ልብ በሉ፣ ሊበራልም ቢሆን ያን ያህል አልጨመረም። ከሌበር የወጣው ሰው ወደ ትናንሾቹና ወደ ግል ተወዳዳሪዎች ነው የተበተነው። ሰዉ “እናንተንም አልፈልግም” እያለ ነበር። እኔ ዌሪቢን የማነበው እንደዚያ ነው።

ሰው ለምን ተቆጣ? ከባቡሩ ልጀምር። ታርኒት የሚኖር ሰው ይህን ለማስረዳት የእኔን ጽሑፍ አይፈልግም። ታርኒት ጣቢያ በ2015 ሲከፈት በዙሪያው ገና ባዶ ሜዳ ነበር። ዛሬ ቤቱ ቤት ላይ ነው። የሚያልፈው ባቡር ግን የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር አይደለም፤ ከጂሎንግ ከተማ የሚመጣው የቪላይን፣ ማለትም የክፍለ አገሩ መስመር፣ ዲዝል ባቡር ነው። ለረጅም መንገድ ተጓዥ የተሠራ ነው፤ ወንበሩ ብዙ፣ መቆሚያው ጠባብ ነው። ጠዋት ታርኒት ሲደርስ ወንበሩ ተይዟል፤ ሰው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ሥር እየተገፋ ከተማ ይደርሳል። በ2018 መንግሥት የሜልተንንና የዊንድሃም ቬልን መስመር በኤሌክትሪክ እናደርጋለን ብሎ ነበር። ስምንት ዓመት ሆነው። የሜልተን ጣቢያዎች ለረጃጅም ባቡሮች እንዲመቹ ሥራ ተጀምሯል፤ ኤሌክትሪኩ ግን የለም።

በዚያው ጊዜ በምሥራቅ በኩል ከቸልተናም እስከ ቦክስ ሂል 26 ኪሎ ሜትር የምድር ውስጥ ባቡር እየተቆፈረ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ግምት 34.5 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ የሚከፈተውም በ2035 ነው ተብሏል። ፕሮጀክቱ ከንቱ ነው አልልም። የከተማው ሕዝብ በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን ያስፈልጋል። ግን ቅድሚያው ይገርመኛል። አዲስ ሰፈር በአዲስ ሰፈር ላይ የሚሠራው በምዕራብ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የሚቀበረው ደግሞ ሌበር መቀመጫ ማጣት በሚፈራበት በምሥራቅ ነው። የታማኝ መራጭ ዕጣ ይኸው ነው።

ፍርድ እንዳይጓደል ግን ይህንንም ልበል። በኖቬምበር 2025 መጨረሻ የተከፈተው ሜትሮ ተነል፣ በከተማው ሥር የሚያልፈው አዲስ የባቡር መስመር፣ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ፓርክቪል ሆስፒታሎች ውስጥ ስንት ሐበሻ ነርስ፣ ስንት ጽዳት ሠራተኛ እንዳለ እናውቃለን። ድሮ ከፉትስክሬይ ተነስተው ኖርዝ ሜልበርን ወርደው 401 አውቶቡስ ይይዙ ነበር። አሁን ባቡሩ ራሱ ፓርክቪል ያደርሳቸዋል። ከጃኑዋሪ 2026 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ትራንስፖርት በነፃ ነው የሚጠቀሙት፤ ሦስት አራት ልጅ ላለው ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ፉትስክሬይ ላይም ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት አዲስ ሆስፒታል ተሠርቷል። ሌበር ምንም አልሠራልንም የሚል ሰው ካጋጠመኝ አልስማማም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የፎቆቹ ጉዳይ ነው። በሴፕቴምበር 2023 የያኔው የሌበር ፕሪሚየር ዳንኤል አንድሩስ ከሥልጣን ሊወርዱ ቀናት ሲቀራቸው በሜልበርን ያሉት 44ቱም ረጃጅም የመንግሥት የመኖሪያ ሕንፃዎች እስከ 2051 ፈርሰው እንደገና እንደሚሠሩ አስታወቁ። ወደ አሥር ሺህ ሰው ይኖርባቸዋል። ቀድመው ይፈርሳሉ ከተባሉት መካከል የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ሕንፃዎች አሉ። እነዚያ ፎቆች ለኢትዮጵያዊው፣ ለኤርትራዊውና ለሶማሊያዊው ምን እንደሆኑ ለአንባቢ መናገር አያስፈልገኝም። ሰው አገር የለመደባቸው ናቸው። አንዷ እናት ሥራ ስትገባ ሌላዋ ልጅ ትጠብቅላታለች፤ ለቅሶ ሲሆን ኮሪደሩ በሰው ይሞላል።

ሕንፃዎቹ አርጅተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ሊፍቱ ይበላሻል፣ በጋ ላይ ሙቀቱ አያስተኛም። ጥያቄው ሌላ ነው። በቦታው የሚሠራው ሁሉ የመንግሥት ቤት አይሆንም፤ የግል ቤትም ይገባበታል። ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የሚቀረውም መንግሥት በቀጥታ የሚያከራየው መሆኑ ቀርቶ መንግሥታዊ ባልሆኑ የቤት ድርጅቶች እጅ ሊገባ ይችላል። በመንግሥት ቤት ኪራይ የገቢ ሩብ ነው፤ በድርጅቶቹ ቤት ብዙውን ጊዜ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል፤ ሕጉም ይለያያል። መንግሥት “መመለስ ትችላላችሁ” ይላል። ግን መቼ? ወደ ስንት መኝታ ቤት? ልጆቹ ያኔ አድገው ቢወጡ ቤቱ ለማን ይሰጣል? ታርኒት ወይም ሜልተን ተልኮ አምስትና ስድስት ዓመት የኖረ ቤተሰብ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ነቅሎ ይመለሳል?

ነዋሪው ቃልን ለማመን የሚቸገርበት ምክንያትም አለ። ጁላይ 4 ቀን 2020፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በኮቪድ ምክንያት ከእነዚሁ ሕንፃዎች ዘጠኙ ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጉ። ሦስት ሺህ ገደማ ሰው ፖሊስ በር ላይ ቆሞበት ቤቱ ውስጥ ቀረ። ወተት ሊገዛ የወረደ ሰው ተመለስ ተባለ። ስምንቱ ከአምስት ቀን በኋላ ተከፈቱ፤ ዘጠነኛው፣ 33 አልፍሬድ ስትሪት፣ ግን ለ14 ቀን ተዘግቶ ቆየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የግዛቱ እንባ ጠባቂ ዴብራ ግላስ ነዋሪውን በዚያ ቅጽበት መዝጋት የሰብዓዊ መብት ሕግን የጣሰ ነው ሲሉ ሪፖርት አወጡ። መንግሥት ግን ይቅርታ አልጠየቀም፤ በኋላ በተመሠረተው ክስ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያንን ያየ ሰው ዛሬ “እመኑን” ሲባል ወረቀት ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ታዲያ ለምን ወደ ሊበራል አንሄድም? እዚህ ላይ 2018 ትዝ ይለኛል። በጃኑዋሪ 2018 የፌዴራሉ ሊበራል መንግሥት ሚኒስትር ፒተር ደተን የሜልበርን ሰው በአፍሪካ ጋንግ ምክንያት ማታ ምግብ ቤት ለመሄድ ይፈራል አሉ። የግዛቱ ሊበራል መሪ ማቲው ጋይም ዋናው የምርጫ ርዕሳቸው ወንጀል ነበር። ያን ዓመት ልጆቻችን ባቡር ውስጥ ሲገቡ ሰው ቦርሳውን ያጠብቅ ነበር። መራጩ ግን አልተቀበለውም፤ ሌበር ከ88ቱ 55ቱን አሸነፈ። ሊበራል ከዚያ ወዲህ መሪ ሲቀያይር ኖሯል። ከ2022 በኋላ ብቻ ጆን ፔሱቶ፣ ከዚያ ብራድ ባቲን፣ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ የኪዩ ተወካይ ጄስ ዊልሰን መጡ፤ የቪክቶሪያን ሊበራል በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አዲስ ሰው ናቸውና በትናንት ሰዎች ንግግር አልፈርድባቸውም። ስለ ልጆቻችን እንዴት እንደሚናገሩ ግን በጥንቃቄ አዳምጣለሁ።

ወንጀሉ የለም ለማለት አይደለም። በሴፕቴምበር 2025 ሜልተን አጠገብ ኮብልባንክ ውስጥ ሁለት ልጆች፣ አንዱ የ12 ሌላው የ15 ዓመት፣ በስለት ተገደሉ። የደቡብ ሱዳን ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። የሞቱትም የእኛው ናቸው፣ ከእነሱ በኋላ ፈርተው የሚያድሩትም እናቶች የእኛው ናቸው። ስለዚህ ፖሊስ ይጠንክር የሚል ሐበሻ ስሰማ እረዳዋለሁ። ሌበርም በ2025 ወደዚያው ነው የሄደው። የዋስትና ሕጉን አጠበቀ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ማቼቴ (ረጅም ስለት) መያዝን ከለከለ፣ በኖቬምበር ደግሞ ከ14 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች በከባድ ወንጀል ሲከሰሱ እንደ አዋቂ የሚዳኙበትን ሕግ ይዞ መጣ። የማየው ግን ሁለቱም ፓርቲዎች ስለ እስር ቤት ብዙ፣ ልጁ እዚያ ስለሚደርስበት መንገድ ጥቂት እንደሚናገሩ ነው። ሜልተን ውስጥ ከትምህርት በኋላ እስከ ማታ ልጅ የሚውልበት ቦታ ስንት ነው? ከትምህርት ቤት የተባረረን የ13 ዓመት ልጅ በማግስቱ ማን ይደውልለታል? ለዚህ በጀት የያዘ ተወዳዳሪ ካለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የዕዳው ነገርም ቀላል አይደለም፤ ባጭሩ ልለፈው። የግዛቱ የተጣራ ዕዳ በ2029 አጋማሽ 194 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ የ2025ቱ በጀት ራሱ ተንብዮአል። ያኔ ለወለድ ብቻ በዓመት ከአሥር ቢሊዮን በላይ ይወጣል። መንግሥት የ2026ቱን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች አዘጋጃለሁ ብሎ በመሰረዙ ደግሞ ለካሣ ብቻ 380 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ዝግጅቱን ይመሩ የነበሩት ሚኒስትር የዛሬዋ ፕሪሚየር ጃሲንታ አለን ናቸው። እሳቸው አሁን የሚያስተዋውቁት ነገር በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት የመሥራት መብት ነው። ለሚመለከተው ሰው ጥሩ ነው። ኤጅድ ኬር (የአረጋውያን እንክብካቤ) የምትሠራ፣ ዌርሀውስ የሚገባ፣ ኡበር የሚነዳ ሰው ግን ከቤት አይሠራም፤ ከእኛ ማኅበረሰብ ስንቱ እንደዚያ እንደሆነ ይታወቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በእጃችን ያለው ነገር እሱ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ትንሹ ወረቀት ለታችኛው ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር መያዝ አለበት፤ አሥር ተወዳዳሪ ካለ ከ1 እስከ 10። ራይት ማድረግ፣ ኤክስ ማድረግ፣ 1 ብቻ ጽፎ መውጣት ድምፁን ያበላሸዋል። በ2022 ከመቶ ወረቀት ከአምስት በላይ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ምክንያት ወድቋል፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ በሆነባቸው የምዕራብ ሰፈሮች ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ዌሪቢ ላይ ያሸነፈውንና የተሸነፈውን የለየው ቁጥር አንድ ሺህ እንኳ አልሞላም። ሰፈራችን ውስጥ በየምርጫው የሚጣለው ወረቀት ከዚያ ይበልጣል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅን ደግሞ ፍርሃታችን ይቀላል። ብዙ ሰው “ትንሽ ፓርቲ ከመረጥኩ ድምፄ ባከነ” ይላል። አይባክንም። ቁጥር 1 ያደረግነው ሰው ከወደቀ ድምፁ በሙሉ ዋጋው ወደ ቁጥር 2 ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ 3። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ሲቀሩ የሚታየው ከሁለቱ ማንን እንዳስቀደምን ነው። ስለዚህ ሌበርን ቁጥር 1 ሳናደርግ ከሊበራል በላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ተቃራኒውም እንደዚያው። ፓርቲዎቹ የቁጥር 1 ድምፅ መቀነሱን ወዲያው ያያሉ። ከዌሪቢ በኋላ ስለ ምዕራቡ መናገር የጀመሩት ለዚህ ነው። በር ላይ የሚታደለው የ“እንዲህ ምረጡ” ወረቀት የፓርቲው ፍላጎት ነው፣ ሕግ አይደለም። ተቀብሎ አመስግኖ የራስን ቁጥር መጻፍ ይቻላል።

ትልቁ ወረቀት ለላይኛው ምክር ቤት ነው፤ 40 አባላት፣ ከስምንት ክልሎች አምስት አምስት። በ2018 እና በ2022 በነበረው አሠራር የፓርቲዎች ሳጥን ካለበት ከመስመሩ በላይ 1 ብቻ የጻፈ ሰው ቀሪውን ቁጥር ፓርቲው ይጽፍለት ነበር፤ ፓርቲዎቹም በጓሮ ተስማምተው ድምፁን ይለዋወጡታል። በ2018 የታክሲና የሃየር ካር ባለቤቶችን ይዘው የተነሱት ሮድ ባርተን በ0.6 በመቶ የመጀመሪያ ድምፅ መቀመጫ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር። በ2017 መንግሥት የታክሲ ፈቃዶችን ሲሰርዝ ለመጀመሪያው ፈቃድ መቶ ሺህ ዶላር ብቻ ከፈለ፤ ከዚያ የበዛ ብድር የነበረባቸው ሐበሾች ምን እንደደረሰባቸው አውቃለሁ። ያም ሆኖ ድምፄ የት እንደሚደርስ ሳላውቅ እንዲዞር አልፈልግም። ከመስመሩ በታች ቢያንስ ከ1 እስከ 5 ለሰዎቹ ራሳቸው ቁጥር የሰጠ መራጭ ድምፁን ለማንም ሳያውስ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።

እኔ ኅዳር 19 ቁጥር 1 የምሰጠው ስለ ፎቆቹ ነዋሪዎች የመመለስ መብት በጽሑፍ ለሚፈርም ተወዳዳሪ ነው፤ ፓርቲው ትንሽ ቢሆን ግድ የለኝም። ከሁለቱ ትልልቆች ማንን እንደማስቀድም የሚወስነው የታርኒትና የሜልተን ኤሌክትሪክ ባቡር የተቆረጠ ዓመትና የተያዘ ገንዘብ ያለው መሆኑና በምርጫው ሰሞን ስለ ልጆቻችን የሚናገሩት ነገር ነው። ይህንን ለሁሉም ተወዳዳሪዎች በኢሜይል እጠይቃለሁ፤ የሰፈር ስብሰባ ካለም እዚያ ተነስቼ እጠይቃለሁ።

እናንተም ሲቲዝንሺፕ የወሰዳችሁ ከሆነ መመዝገባችሁን አረጋግጡ። በተለይ ከፍሌሚንግተን ወደ ታርኒት፣ ከፉትስክሬይ ወደ ሜልተን የተዛወራችሁ አድራሻችሁን ቀይሩ፤ አለዚያ ድምፃችሁ የሚቆጠረው ለለቀቃችሁት ሰፈር ነው። መዝገቡ ከምርጫው ቀን ከሁለት ሳምንት በላይ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ቅዳሜ ሥራ ያለው ቀድሞ መምረጥ ይችላል፤ በ2022 ግማሽ ያህሉ መራጭ ያደረገው እንደዚያ ነው። የግዛቱ ምርጫ ኮሚሽን በአማርኛም መረጃ ያዘጋጃል፤ እናትና አባት ካላችሁ አሁኑኑ አብራችሁ እዩት።